የኤዲንብራ የመረዳጃ ሳጥኖች ለምን ባዶ ቀሩ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄም ክስም ይዞ ነው የመጣው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኤዲንብራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአንጥረኛ እስከ መንገድ ተላላኪ ድረስ የየራሱ የመዋጮ ሳጥን ነበረው ይላል። አባል ሲታመም ሳምንታዊ ድጎማ፣ ሲሞት የቀብር ወጪ፣ ለሚስትና ለልጅ ትንሽ መቋቋሚያ ይወጣ ነበር። ከነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ መሥራቾቻቸው ሲሸብቱ ባዶ ሆነው ተገኙ። በዚያው ከተማ በ1744 ሥራ የጀመረው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ቀሳውስት የመበለቶችና የሙት ልጆች ፈንድ ግን ጸንቶ ኖረ። የጠያቂው ማብራሪያ አጭር ነው፦ የባለሙያዎቹን ገንዘብ ገንዘብ ያዦቻቸው በሉት፣ ቀሳውስቱ ግን እግዜርን ፈሩ። ሃያ አንድ መልስ የተከተለው በዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

መልስ 1፦ ጠያቂውን በአንቱታ አመስግኖ ስለ ቁልፍ ያወራል። ሳጥኑ የሚያድረው የሳጥን አለቃ ሆኖ በተመረጠው አባል ቤት ነው፤ ቁልፎቹ ግን እሱ ዘንድ አያድሩም። ሳጥኑ ሁለት ወይም ሦስት መቆለፊያ ይኖረዋል፣ አንዱ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም፣ እያንዳንዱም በተለያየ ሰው ኪስ ነው። አንድ ቁልፍ ያዥ ከቀረ ሳጥኑ አይከፈትም። ቄስ ሄንሪ ደንካን በ1810 በደቡብ ስኮትላንድ በሩትዌል መንደር የቁጠባ ባንክ ሲከፍቱ የተጠቀሙበት ሣንዱቅም ባለ ሦስት መቆለፊያ ነበር። ታዲያ ሦስት ሰው ካልተማከረ ሌሊት ተነሥቶ መገልበጥ አይቻልም። አደጋው ያለው ከሳጥኑ በወጣው ገንዘብ ላይ ነው። የተጠራቀመው በወለድ ይበደራል፣ ሣንዱቁ ውስጥ የሚቀረው የውል ወረቀት ነው፤ ተበዳሪው ሲከስር መቆለፊያው ሁሉ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል።

መልስ 2፦ የመጀመሪያውን ይደግፍና ሕጉን ይጨምራል። የከተማው ምክር ቤት በማኅተም ያቋቋማቸው የሙያ ማኅበራት በስማቸው መክሰስና ንብረት መያዝ ይችሉ ነበር። ተራው የመረዳጃ ማኅበር ግን ይህ መብት አልነበረውም፤ ያበደረውን ያልመለሰለትን ሰው ፍርድ ቤት ለማቆም ይቸገር ነበር። ይህን የቀየረው በ1793 የፓርላማ አባሉ ጆርጅ ሮዝ ያስወጡት ሕግ ነው። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንቡን ለአካባቢው ዳኞች አቅርቦ ካጸደቀ በሹማምንቱ በኩል መክሰስ ይችላል። ገንዘብ ያዡ ቢሞት ወይም ቢከስር ደግሞ ከሌላው ዕዳ ሁሉ በፊት የማኅበሩ ገንዘብ ይከፈላል። ደንቡን ሳያስጸድቅ የቀረ ማኅበር ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው።

መልስ 3፦ አንድ መስመር ናት፦ ይህ እኮ የኛው እድር ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው የምትል።

መልስ 4፦ ግማሹ እድር ነው፣ ግማሹ አይደለም ብሎ ይመልሳል። እድር ዋናው ሥራው ቀብር ነው፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሚሞት እኩል መዋጮ ብዙ አያዛባም። የኤዲንብራው ሳጥን ግን በሽታንም እርጅናንም ተሸክሟል፣ በሽታ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሐሳቡን እዚህ ላይ ይተወውና ወደ አንድ ዕቃ ይሄዳል፤ በኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ለዓይን የቀረበው ቦታ ይህ ነው። ለእድር ድንኳኑ እንደሆነ ሁሉ ለስኮትላንድ ማኅበር የሬሳ ሣጥን መሸፈኛው ጨርቅ ነበር፦ ጥቁር ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ የተሰፋበት፣ ለአዋቂ ትልቁ፣ ለሕፃን ትንሹ። አባል በነፃ ወይም በርካሽ ይወስዳል፣ ውጪ ሰው ይከራያል፣ ጥሩው ጨርቅ ኪራዩ ይወደዳል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ገቢ ያስገባል። ችግሩ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ኪራይ ድሆቿን ትረዳ ስለነበር በሰበካዬ ከኔ በቀር ማንም ጨርቅ አያከራይም እያለች ማኅበራቱን ትከስ ነበር። በአንድ ጨርቅ ምክንያት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ማኅበር ከኪራዩ ያገኘውን ለጠበቃ ያፈሳል።

መልስ 5፦ ወደ ጥያቄው ይመልሰናል፤ ስለ ቀሳውስቱ ፈንድ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። መሥራቾቹ ሁለት የኤዲንብራ ቀሳውስት ነበሩ፦ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር። ዌብስተር ጠርሙስ ወይን ፊት ለፊቱ ካለ የማይነሣ ሰው ነበር ይባላል፤ ቁጥር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም፣ በ1755 የስኮትላንድን ሕዝብ 1,265,380 ብሎ ያስቆጠረው እሱ ነው። ሁለቱ በመላ አገሪቱ ላሉ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤዎች ደብዳቤ ጻፉና ስንት ቄስ እንደሞተ፣ ስንቱ ሚስት፣ ስንቱ ልጅ ትቶ እንደሄደ አሰባሰቡ። ውጤቱ፦ በማንኛውም ጊዜ 930 ያህል ቀሳውስት በሕይወት አሉ፤ በዓመት በአማካይ 27 ይሞታሉ፣ ከ27ቱ 18ቱ ሚስት ትተው ይሞታሉ፣ ሚስት ካልተዉት ዘጠኙ ውስጥ አምስቱ የሙት ልጅ ይተዋሉ። ስሌቱን የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ኮሊን ማክሎሪን የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ ከብሬስላው ከተማ መዝገብ ካወጣው የሞት ሠንጠረዥ ጋር አመሳከረላቸው። ክፍያው አራት ደረጃ አለው። ዝቅተኛውን፣ በዓመት 2 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ከ2 ፔንስ የከፈለ ሚስቱ በዓመት 10 ፓውንድ ታገኛለች፤ ከፍተኛውን፣ 6 ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ከ3 ፔንስ የከፈለ 25 ፓውንድ። ካፒታሉ በ1765 ስንት እንደሚደርስም አስቀድመው ጽፈው ነበር፦ 58,348 ፓውንድ።

መልስ 6፦ ሁለት ፔንሷ ስህተት ናት ይላል፣ በጨዋ አንደበት ግን ያለ ርኅራኄ። ማስረጃ ሳይጠቅስ በማባዛት ብቻ ያሳያል። 25 የ10 ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሆነ ክፍያውም ሁለት ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። ፓውንዱ 20 ሽልንግ፣ ሽልንጉ 12 ፔንስ ነው። 2 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ከ2 ፔንስ 626 ፔንስ ይሆናል፤ በሁለት ተኩል ሲባዛ 1,565 ፔንስ፣ ማለትም 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ5 ፔንስ ይመጣል፣ አይገጥምም። ፔንሷ 6 ስትሆን 630 በሁለት ተኩል 1,575 ይሆናል፣ እሱም በትክክል 6 ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎችም፣ ለ15 ፓውንድ 3 ከ18 ከ9፣ ለ20 ፓውንድ 5 ከ5፣ በዚሁ ልክ ይወጣሉ።

መልስ 7፦ ጠያቂው ተመለሰ፣ አልተበገረም። ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ግን አንጥረኛም መቁጠር ያውቃል፤ ልዩነቱ ታማኝነት ነው ይላል።

መልስ 8፦ የክሩ ትልቁ መልስ። ጸሐፊው አንጥረኛው መቁጠር ስለሚችል ወይም ስለማይችል አይደለም ብሎ ይነሣል፤ የሚቆጠር ነገር ስላልነበረው ነው። ስንት ሰው በስንት ዓመቱ ስንት ሳምንት እንደሚታመም በስኮትላንድ በአግባቡ ተሰልቶ የወጣው በ1824 ብቻ ነው፤ የስኮትላንድ ሃይላንድ ማኅበር ከመረዳጃ ማኅበራቱ መዝገብ አሰባስቦ ባሳተመው ሪፖርት። አንድ አባል በዓመት በአማካይ የሚታመመው ከ20 እስከ 30 ዕድሜ 0.6 ሳምንት ያህል፣ ከ30 እስከ 40 0.69፣ ከ40 እስከ 50 1.03፣ ከ50 እስከ 60 1.88፣ ከ60 እስከ 70 ደግሞ 5.63 ሳምንት ነው።

ከዚያ ለምሳሌ አንድ ማኅበር ያቋቁማል። 100 አባል እንበል፣ ሁሉም የ25 ዓመት ጎልማሳ፣ መዋጮ በዓመት 6 ሽልንግ፣ የሕመም ድጎማ በሳምንት 5 ሽልንግ። ገቢው በዓመት 30 ፓውንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ሕመም በዓመት 60 ሳምንት፣ ወጪው 15 ፓውንድ፤ 75 ፓውንድ ይጠራቀማል። በ30ዎቹ ዕድሜ ወጪው 17 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ነው፣ በ10 ዓመት ሌላ 127 ፓውንድ ተኩል ይገባል። በ40ዎቹ ወጪው 25 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ይሆንና 42 ፓውንድ ተኩል ብቻ ይተርፋል። አባላቱ 50 ሲሞላቸው ሣንዱቁ ውስጥ 245 ፓውንድ አለ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ድጎማው ይጨመር የሚል ድምፅ የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወጪው ወደ 47 ፓውንድ ይወጣል፣ በየዓመቱ 17 ፓውንድ ይጎድላል። 60 ሲገቡ የቀረው 75 ነው። በ60ዎቹ የዓመቱ ወጪ 140 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ሲሆን፣ ሣንዱቁ ዓመት አይሞላውም፤ ስምንት ወር ይበቃዋል። ማንም አልሰረቀም፣ ቁልፉም አልጠፋም።

ለምን አዲስ ወጣት አይገባም ለሚለውም መልስ አለው። የ22 ዓመት ልጅ የ50 ዓመት ሰዎች የሞሉበት ማኅበር ውስጥ በእኩል መዋጮ ቢገባ የሚከፍለው ለነሱ ሕመም ነው። ይህን ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። ጓደኞቹን ሰብስቦ ሌላ ሳጥን ያሠራል፤ አሮጌው ማኅበር ከአባላቱ ጋር ያረጃል።

መልስ 9፦ ስሌቱ ወለድንም ሞትንም ረስቷል ይላል። የሞተ አባል አይታመምም፣ ገንዘቡም ይሠራል።

መልስ 10፦ ስምንተኛው ተመልሶ ተቃውሞውን ከነሙሉ ልቡ ይቀበላል። የሞተ ሰው መዋጮም ድጎማም ስለሚያቆም የነፍስ ወከፍ ጉድለቱ አይለወጥም፤ ያጠራቀመው ግን ለቀሪዎቹ ይተርፋል፣ ይህና ወለዱ ቀኑን ያራዝማሉ። ታዲያ በሌላው ወገን የቀብር ወጪውና የመበለት ድጎማው ያሳጥሩታል፤ ምሳሌው እነሱንም አላስገባም። መበለትን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በቀሳውስቱ ቁጥር በየዓመቱ 18 አዳዲስ መበለቶች ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ተከፋዮቹ 18 ናቸው፣ በሁለተኛው 36 ገደማ፤ እያንዳንዷ 20 ዓመት ብትኖር ቁጥሩ የሚቆመው 360 ላይ ደርሶ ነው። በአምስተኛው ዓመት ሣንዱቁን ከፍቶ ትርፍ አለ ያለ ማኅበር ትርፍ ያለው መስሎታል እንጂ ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጡትን መበለቶች ገንዘብ ነው የሚያየው። ዋላስና ዌብስተር ይህን አስቀድመው ስላዩ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገንዘብ ማንም እንዳይነካው አድርገው ካፒታል አደረጉት። ደግሞም አዲስ የተሾመ ቄስ ሁሉ የግድ ይገባል፤ 930ው አብረው አያረጁም።

መልስ 11፦ በዕድሜ ብቻ አትመልከቱት ይላል፣ ደንቡም ብዙ ይሠራል። አዲስ አባል ድጎማ ለመጠየቅ የተወሰነ ጊዜ መክፈልና መጠበቅ አለበት። በሽተኛው ጋ ጠያቂዎች ይላካሉ፤ አልጋ ላይ ነው ወይስ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚለው የድጎማውን መጠን ይለያል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉ ይከፈላል፣ ከዚያ ግማሽ፣ ሕመሙ ካልለቀቀ ወደ አነስተኛ ጡረታ ይዞራል። ድጎማ እየወሰደ ሲሠራ የተገኘ ይባረራል፤ በጠብ ወይም በሴሰኝነት ለመጣ በሽታ አይከፈልም። ደካማው ቦታ ጠያቂው ራሱ ነው፤ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ስለሆነ ይሉኝታ ይይዘዋል። የቀሳውስቱ ፈንድ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሞትን ማስመሰል አይቻልም፣ ጠያቂም አያስፈልገውም።

መልስ 12፦ እዚህ ላይ ክሩ ይሞቃል። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ሳንቲም መቁጠር ነው፤ ኤዲንብራን ያቆመው የሀብታም ምጽዋት ነው ባይ ነው። የንጉሥ ጄምስ 6ኛ ወርቅ አንጥረኛ ጆርጅ ሄሪዮት በ1624 ሲሞት አባት ለሌላቸው ልጆች 23,625 ፓውንድ ተወ፤ ሕንፃው በ1628 ተጀመረ፣ በ1650 የእንግሊዙ ጦር መሪ የክሮምዌል ሠራዊት ገብቶ ሆስፒታል አደረገው፣ በ1659 በ30 ልጆች ተከፈተ። በ1694 ደግሞ ሜሪ አርስኪን የነጋዴዎች ልጃገረዶች ማሳደጊያ እንዲቋቋም 10,000 ገንዘብ ሰጠች፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሄሪዮት ስጦታ እጥፍ ብቻ ነው ይላል።

መልስ 13፦ አንቱታው እዚህ ቀረ። አንተ ብሎ ይጀምራል፣ የምትለውን አታውቅም ብሎ ይቀጥላል። የሄሪዮት ቤት ለድሃ ሁሉ አልነበረም፤ ለከተማው ሙሉ መብት ላላቸው ነዋሪዎችና ለሙያ ማኅበር አባላት የሙት ልጆች ነው። ሰው በወንበር ተሸክሞ የሚያመላልስ ሠራተኛ ልጅ በሩን አያልፍም። የፈንዱ ትርፍ ለተራ ድሃ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲውል ሕግ የፈቀደው በ1836 ነው።

መልስ 14፦ የ13ኛውን አፍ ሳይደግፍ 12ኛውን በሌላ ነገር ያርማል፤ ይህ በዚህ ርዕስ ሁሉም የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። አርስኪን የሰጠችው 10,000 መርክ ነው፣ ፓውንድ አይደለም። መርኩ 13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ የስኮትላንድ ገንዘብ፣ ማለትም የስኮትላንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ አንዱ የእንግሊዝ ፓውንድ ደግሞ 12 የስኮትላንድ ፓውንድ ነው። እናም 10,000 መርክ 6,666 የስኮትላንድ ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 555 የእንግሊዝ ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ገደማ። የሄሪዮቱ ግን በእንግሊዝ ገንዘብ ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋሐደችበት ከ1707 በፊት የተጻፈ የስኮትላንድ መዝገብ ስታነቡ የማን ፓውንድ እንደሆነ ሳታጣሩ አታወዳድሩ። የሌዝ ወደብ መርከበኞች ማኅበር ለአረጋውያኑ ከጭነቱ በቶን የሚሰበስበው 12 ፔንስም የስኮትላንድ ነው፤ በእንግሊዝ ሲሰላ አንድ ፔኒ።

መልስ 15፦ የመድረኩ ተቆጣጣሪ። 13ኛውን ይገሥጻል፣ በአንቱታ ተነጋገሩ ይላል። 13ኛው አልመለሰም።

መልስ 16፦ ለማብረድ ይመስላል፣ ወደ ካውጌት መንገድ ይወስደናል። ብረት ሠሪዎቹ፣ ማለትም አንጥረኛው፣ ቁልፍ ሠሪው፣ ኮርቻ ሠሪው፣ ሁሉም በአንድ ማኅበር ናቸው፤ የነሱ መሰብሰቢያ የመግደላዊት ማርያም ጸሎት ቤት ነበር። ማይክል ማክዊን በተወው ገንዘብ ሚስቱ ጃኔት ራይንድ አስጨረሰችው፤ ለአንድ ካህንና ለሰባት ድሃ ጧሪ አልባ ሽማግሌዎች ማደሪያ ጭምር። ራይንድ የተቀበረችውም እዚያው ነው። ግድግዳውን ዞሮ የተቀቡ ሳንቃዎች አሉ፣ ለማኅበሩ ማን ስንት እንደሰጠ የተጻፈባቸው። የመስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት ከፕሮቴስታንት ተሐድሶው በፊት ተሠርቶ በስኮትላንድ በነበረበት ቦታ የተረፈ ብቸኛው ነው። ምጽዋቱና መዋጮው ተለይተው አልኖሩም የሚለው ሐሳቡ ለ12ኛውም ለ13ኛውም በቂ መልስ ይመስለኛል።

መልስ 17፦ ከርዕሱ ወጣ። የቅዱስ ከትበርት ኅብረት ሥራ ሱቅ በ1859 ተመሠረተ፣ አባሉ በገዛው መጠን ትርፍ ይካፈል ነበር፤ ሾን ኮነሪም ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የሱቁን ወተት በፈረስ ጋሪ ያደርስ ነበር።

መልስ 18፦ ይባስ ብሎ ፈረሶቹ እስከ 1985 ወተት እንዳመላለሱ ይጨምራል።

መልስ 19፦ ሁለቱን ችላ ብሎ ሰዎቹ ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ እንደወደዱ ይጽፋል። በስኮትላንድ የድሆች ሕግ ጤነኛና መሥራት የሚችል ሰው ሥራ ቢያጣ የመረዳት መብት የለውም፤ የ1845ቱ ሕግም ይህን አልለወጠም። የቤተ ክርስቲያኑ እርዳታ ከበር ላይ ሙዳየ ምጽዋት፣ ከዝሙት ቅጣትና ከዚያው ከጨርቁ ኪራይ የሚመጣ ነው፣ ትንሽ ነው። ሳጥኑ ቢፈርስም ለ30 ዓመት የሠራ ሳጥን ከዚያ ይሻላል። እንደ ዕድሜው የሚለያይ ክፍያ የተለመደው ዘግይቶ ነው፤ በ1812 በኤዲንብራ ቡና ቤት ተመክሮበት በ1815 ሥራ የጀመረው የሕይወት መድን ድርጅት ስኮቲሽ ዊዶውስ ቀሳውስቱ ያደረጉትን ለሌላው ሰው ከፈተ፣ እስከ 2000 ድረስም የአባላቱ ንብረት ነበር።

መልስ 20፦ ጠያቂው ነው። ስለ በሽታው ሠንጠረዥ አምኗል፣ የአንጥረኞቹንም ክስ አንሥቷል። ቀሳውስቱ ግን በትክክል 58,348 ፓውንድ አገኙ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ተስፋው አልቆረጠም።

መልስ 21፦ 6ኛው ነው የመለሰው። በ1765 ተቆጥሮ የተገኘው 58,347 ነው። የጎደለችውን አንዷን ፓውንድ ማን እንደበላ መርምሮ እንዲነግረን ለጠያቂው ትቶለታል።